የግቢው ገውዝ

ቲቸር ኦዲል ካዶር በየማለዳው፣ ደወሉ ከመደወሉ በፊት፣ ከቧንቧው አንድ ጣሳ ውሃ ቀድታ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሃል ወደቆመው የገውዝ ዛፍ ትሄዳለች። ውሃውን ከግንዱ ራቅ አድርጋ ዙሪያውን ታፈሳለች፤ የገውዝ ሥር ላይ ላዩን የሚሄድ ስለሆነ እግሩ ሥር ማፍሰስ ትርፉ ድካም ነው። ከዚያ ባዶውን ጣሳ በብብቷ ይዛ ቀና ትልና ቅጠሉን ታያለች። ልጆቹ ይህን ከመልመዳቸው የተነሳ እንደ ሰዓት ይጠቀሙበታል። ዳገቱን እየሮጠ የሚወጣ ልጅ በሩ ላይ ያገኘውን «ቲቸር አጠጣች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ገና ናት ከተባለ እርምጃውን ያቀዘቅዛል።

ዛፉ መቼ እንደተተከለ የመንደሩ፣ የሞን ፕላዚር፣ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሴፕቴምበር አውሎ ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ ደሴቲቱን አቋርጦ ሲያልፍ የቀረ ጣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰው ከተደበቀበት ወጥቶ ወደ ተራራው ሲመለከት ግን መጀመሪያ ያለቀሰው ለቤቱ አልነበረም። ገውዙ በሙሉ፣ አያቶች የተከሉት ሁሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ተጋድሞ በማበጠሪያ የተበጠረ ፀጉር መስሎ ነበር። የኦዲል አባት በሕይወት አልነበረም። እሷም ይህን ሳያይ መሞቱ ተመስገን ነው አለች።

በቀጣዩ ፌብሩዋሪ የነጻነት በዓል ሲደርስ ሦስተኛ ክፍል የሚማረው በሸራ ሥር ነበር። ኦዲል ከአባቷ የወደቁ ዛፎች መሃል የበቀለ አንድ ችግኝ ነቅላ አመጣችና ከልጆቹ ጋር በግቢው መሃል ተከለችው። አንዱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሌላው አፈር መለሰ፣ የቀሩት ተጋፍተው ቆመው አዩ። ይህ ዛፍ አፍርቶ ታናናሾቻችሁ በባንዲራችን ላይ ያለውን ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ያዩታል ብላ ነገረቻቸው። ቃል መግባቷ መሆኑን ያኔ ልብ አላለችውም። ልጆቹ ግን ልብ ብለውት ነበር፤ ዛሬ ቁመታቸው ከእሷ በልጦ፣ የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም ለብሰው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ «ቲቸር፣ አፈራ?» ይሏታል።

ነገሩ የምር የሆነባት በዚህ ዓመት ነው። በጁላይ ጡረታ ትወጣለች። በሴፕቴምበር ደግሞ ከከተማ አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቷል፤ ሚስተር ራውል ፍሌቸር። ታታሪ ሰው ነው። በመጣ በወሩ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኗል፣ ሽንት ቤቶቹንም አሠርቷል። ቀጥሎ ያሰበው የነጻነት ቀን ትርኢት የሚታይበት የሲሚንቶ መድረክ ነው፤ በግቢው ያለው ደልዳላ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ዛፉ የቆመበት። ዓመት ሙሉ ውሃ የሚጠጣ፣ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ምን ያደርጋል አላት፤ በትሕትና ነበር የተናገረው። ኦዲል ዘንድሮ ማበቡ አይቀርም፣ እስከ በዓሉ ይጠበቅ አለችው። የሚያፈራ ከሆነ መድረኩ ሌላ ቦታ ይፈለግለት፤ የማያፈራ ከሆነ ይቆረጥ፣ እኔም አንዲት ቃል አልናገርም። ተጨባበጡ።

ዘንድሮም የበዓሉን ትምህርት ስታሰናዳ ሐሳቧ ወደ መጀመሪያው ይሄድባት ነበር። ነጻነት በመጣበት በ1974 ኦዲል የሃያ ሁለት ዓመት ረዳት መምህርት ነበረች። የዚያን ሰሞን ወደቡ በሥራ ማቆም ተዘግቷል፣ ሱቁ ባዶ ነው፣ መብራት የለም። ዋዜማውን የመንደሩ ሰው በኩራዝ ብርሃን ሲዘፍን አመሸ። አዲሱን ባንዲራ በዓይኑ ያየ ሰው በሞን ፕላዚር አልነበረም፤ እሷም የነበራት ከጋዜጣ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ቀለሙን ሰው ጠይቃ በሰሌዳው ላይ በቀለም ጠመኔ ሣለችው። ጠርዙ ቀይ፣ በጠርዙ ስድስት ኮከብ፣ መሃል ላይ ሰባተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ ሦስት ማዕዘኖች፣ በግራው አረንጓዴ ውስጥ ገውዝ።

ያን ጊዜ ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም። ግማሾቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ከገውዙ ሥር ለቅመው ነው፤ ጣታቸው ፍሬውን እንደ መረብ በሚሸፍነው ቀይ ልባስ ቀልቷል፣ ደብተራቸው ሳይቀር ገውዝ ገውዝ ይሸታል። የጠየቁት ሌላ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ ተነስቶ፣ «ቲቸር፣ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? አባቴ በቀን ስንት ጆንያ ያወርዳል እኮ» አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል መለሰችለት። «ሌላውን እንግሊዞች ይዘውት ሄደው ነዋ።»

የዚያ ዘመን ነገር በዓይኗ የሚመጣባት ሳይሆን በጆሮዋ የሚመጣባት ነው። ሴቶች በጠዋት በዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚወራወሩት ወሬ፤ ማን ተጋባ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ዶሮ የማን ጓሮ ገባች። ቢጫው ፍሬ በራሱ ጊዜ ተሰንጥቆ በእርጥብ ቅጠል ላይ ጧ ብሎ ሲወድቅ። እናቷ ቀዩን ልባስ ከፍሬው ላይ ሳትቀድድ አውጥታ በትሪ ላይ ስታሰጣው፤ በመጀመሪያው ቀን ደም የመሰለው፣ ሲሰነብት ገለባ የሚመስለው። የደረቀው ገውዝ በቅርፊቱ ውስጥ ሲንኳኳ። በልጅነቷ እንቅልፍ የሚወስዳት አባቷ በረንዳ ላይ ያንን ሲያገላብጥ እየሰማች ነበር።

የዛሬዎቹ ልጆች ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ የተወለዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በአረንጓዴው ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቃቸው አንዱ ቃሪያ አለ፣ ሌላው የሻማ እሳት አለ፣ አንዷ ደግሞ ዓሣ ነው ብላ ድርቅ አለች። ገውዝን አያውቁም ማለት አይደለም። ቡናማውን፣ ደረቁን፣ እናቶቻቸው በካካዎው ላይ የሚፍቁትን ያውቁታል። ያ ጠጠር የመሰለ ነገር ቢጫ ልብስና ቀይ መረብ ለብሶ እንደሚወለድ ግን የነገራቸው እንጂ ያሳያቸው የለም።

በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ እንደልማዷ ጣሳውን በብብቷ ይዛ ቀና ስትል፣ አበባውን አየችው።

ክፉና ደጉን ለመለየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም፤ የገውዝ ገበሬ ልጅ ናት። የሴቷ አበባ ብቻዋን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሆና ነው የምትወጣው፤ ሆዷም ክብ ነው። የወንዱ ቀጠን ቀጠን ብሎ በአንድ ቀንበጥ ላይ ይግተለተላል። ይህ ተግተልትሏል። ገውዝ ሲተከል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ዓመታት ጠብቆ፣ አብቦ ነው ጉዱ የሚለየው። በአባቷ ጊዜ ወንድ የሆነው ብዙውን ጊዜ ለማገዶ ይሄድ ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። የመጀመሪያ ዓመት አበባ ያታልላል፣ አንዳንዱ ዛፍ ኋላ ይለወጣል ብላ ራሷን አጽናናች። ሰምታ እንደምታውቅ እንጂ አይታ እንደማታውቅ ግን ታውቃለች። ሚስተር ፍሌቸር በበኩሉ አበባውን በሳምንቱ ራሱ አየና ደስ አለው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ መድረኩን ተወው፤ በወላጆች ስብሰባ ላይም የትምህርት ቤታችን ገውዝ ሊያፈራ ነው ብሎ አስታወቀ። በከተማ ለሚያውቀው ሠዓሊ «የነጻነት ዛፍ» የሚል ሰሌዳ አዘዘ። ወላጆቹ አጨበጨቡ። ኦዲል ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት የአገሪቱን ምልክቶች የምታስተምርበት ቀን ደረሰ። በመጀመሪያ ዓርማውን ሰቀለች። በአንድ በኩል እርግቧ ቆማለች፣ በሌላው በኩል ታቱ የሚሉት ቅርፊት ለባሹ የዱር እንስሳ። በየዓመቱ እንደሚሆነው አንድ እጅ ወጣ፤ የጃባሪ ነበር።

«ቲቸር፣ አጎቴ ታቱ በልቷል።»

«የሁሉም አጎት በልቷል» አለች ቲቸር ኦዲል። «ይሄኛውን ግን ማንም አይበላውም። ቀጥል፣ አበባችን ማን ናት?»

ቡገንቪላ አሉ። የቀለሞቹን ትርጉም ጠየቀች፤ ቀይ ጀግንነት፣ ቢጫ ፀሐይ፣ አረንጓዴ ምድራችን ብለው በዜማ መለሱ። ወደ ገውዙ ስትደርስ ሼኒል እጇን አወጣች። ሼኒል ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት ገውዝ መልሳ የተከለችው የታንቲ ዩላሊ የልጅ ልጅ ናት፤ ዩላሊን መንደሩ በሙሉ፣ የማትዛመደውም ሳይቀር፣ ታንቲ ብሎ ነው የሚጠራት፣ አክስቴ እንደማለት።

«ቲቸር፣ የእኛ ዛፍ ግን እንደዚህ አያፈራም።»

«ለምን አያፈራም?»

«ወንድ ነዋ። ታንቲ ትናንት በአጥር በኩል አየችው። ወንድ ነው አለች።»

ክፍሉ ተናጋ። ከመስኮቱ በኩል አንዷ፣ «ለዛ ነዋ ውሃ እየቀዱለት ቆሞ የሚውለው» አለች፤ ሴቶቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። ጃባሪ ዛፉን የሰደቡበት ሳይሆን እሱን የሰደቡት ይመስል ተቆጣና፣ የአንቺ አባትስ ምን ይሠራል አላት። ቲቸር ኦዲል ጠመኔውን አስቀመጠች። የታንቲ ዓይን ደክሟል ማለት ትችል ነበር። ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን ማለትም ትችል ነበር፤ እስከ ጁላይ ብዙ ቀን አይደለም። ሼኒል እጇን ገና አላወረደችም።

«እውነቷን ነው» አለች ቲቸር ኦዲል። «ወንድ ነው።»

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ስለ ስምምነቱ ልጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ በትንሽ ትምህርት ቤት የማይሰማ ነገር የለም። ታዲያ ይቆረጣል ወይ ብለው ጠየቋት። ቃል ገብቻለሁ አለቻቸውና ባንዲራውን እንዲስሉ ወረቀት አደለቻቸው።

ሚስተር ፍሌቸር ከምሳ በፊት ሰማ። መጥቶ በባዶው ክፍል ውስጥ ከልጆቹ አነስተኛ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ያውቁ ነበር፣ ቲቸር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እኔ ለወላጆች ስናገር ፊት ለፊቴ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«አጨብጭበዋል እኮ።»

«አዎ፣ አጨብጭቤያለሁ» አለች።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሴትነቱ የተረጋገጠ ችግኝ ከእርሻ ቢሮ እንደሚያስመጣና በአጥሩ ጥግ እንደሚያስተክል ነገራት። መልካም ነው አለችው። ያንን ችግኝ ግን እነዚያ ልጆች በሸራው ጊዜ አልተከሉትም፤ ይህን አልነገረችውም። መጋዝ ያለው ሰው ሰኞ እንዲመጣ ተላከበት።

ቅዳሜ የመንገድ ዳር ድንጋይ የሚቀባበት ቀን ነበር። ነጻነት ሲቃረብ በሞን ፕላዚር ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ሳይቀር ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ይለብሳል። ቤተሰብ ሁሉ በደጁ ያለውን ይቀባል፤ የትምህርት ቤቱን ፊት ግን ሁሉም ተባብሮ ነው። በመንገዱ ዳር ባለ ሌላ ዛፍ ሥር ትልቁ ድስት ተጥዷል። ታንቲ ዩላሊ ድስቱን ሌላ ሰው እንዲደርብ አትፈቅድም፤ በጨው የተነከረው ሥጋ ከታች፣ ብሬድፍሩት የሚሉት እንደ ድንች የሚቀቀል የዛፍ ፍሬ በላዩ፣ ከዚያ ሊጡ፣ ቅጠሉ ከሁሉም በላይ፣ የኮኮናት ወተቱ እስኪመጠጥ ክዳኑ አይነሳም። ክዳኑን የነካ ወንድ እጁ በማንኪያ ይመታል። ዘንድሮም ሁለት ሰዎች ተመተዋል።

ሚስተር ፍሌቸር በተተኮሰ ሸሚዝ የበሩን ምሰሶ እየቀባ ነበር። ኦዲል ከልጆቹ ጋር ድንጋዮቹን ታስቀባለች፤ ቀለሙን እንዳያቀላቅሉ ለቀዩ ሦስት ልጅ፣ ለቢጫው ሦስት ልጅ መድባለች። ሼኒል ብሩሿን እንደያዘች ለአያቷ፣ ወንዱ ዛፍ ሰኞ ይቆረጣል አለቻት፤ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ነው የተናገረችው።

ከትበርት የሚባለው ጎረቤት ከሚቀባው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሆኖ፣ ምን ይደረግ፣ ወንድ ገውዝ ለማገዶ ነው የተፈጠረው አለ። የራሱን ወንዶች ባለፈው ዓመት እንዳበቡ ከሥር ነው የገነደሳቸው።

«ስንቱን?» አለች ታንቲ ዩላሊ።

«ሁሉንም ነዋ። ከታች የአንቺዎቹ አሉ ብዬ።»

ታንቲ ዩላሊ ማንኪያውን ከድስቱ ክዳን ላይ አነሳች። «የእኔ የቱ? እኔ'ኮ ያንተን ተማምኜ ነው የቆረጥኳቸው።»

ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚቀባው ሰው ቀና አለ። እሱ ደግሞ የሁለቱም አለ ብሎ አንድም አላስቀረም። የሱ ሚስት ወንድሟን ተመለከተች፤ ወንድሟ መሬት መሬት አየ። የአባቶች ደንብ ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይተው የሚል መሆኑን የማያውቅ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ነገር ግን መሬቱ ጠባብ ነው፣ ዓመታት የጠበቁት ዛፍ ወንድ ሆኖ ሲገኝ ያናድዳል፤ ሴቷ እንድታፈራ የሚያስፈልጋትን የወንዱን የአበባ ዱቄት ነፋስና ነፍሳት ከጎረቤት ያመጡታል፣ ጎረቤት ደግሞ መቼም ይተዋል። ባለፈው ዓመት ሴቶቹ ዛፎች ለመጀመሪያ ጊዜ አብበው፣ አበባቸው አንድ ሳይቀር ረግፎ ነበር። በድርቁ አሳበቡ፤ ቀጥሎ በማዳበሪያው፤ በመጨረሻ ችግኝ ያደለውን ቢሮ ረገሙ። አሁን ሁሉም ብሩሹን እንደያዘ ቆሞ ተያየ። ቀለም በድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ የሳቀችው ታንቲ ዩላሊ ናት። «እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሴት» አለች፣ ቁልቁለቱን በማንኪያው እያሳየች፣ «አንድ ባል በትምህርት ቤት ግቢ አስቀምጣ ነው የቀረችው።» ሳቁ መንገዱን ያዘው። እሷ ግን ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች።

«ሚስተር ፍሌቸር፣ ሰኞ መጋዝ ይመጣል አሉኝ።»

«ይመጣል፣ ታንቲ።»

«መምጣቱን ይምጣ። ያንን ዛፍ የነካው ሰው ግን ከዚህ ድስት አይበላም፤ ዘንድሮም፣ ለከርሞም። ያዘዘውም ጭምር።»

ሚስተር ፍሌቸር ወደ ቲቸር ኦዲል ዞሮ አየ። ይህን እርስዎ ነዎት ያቀነባበሩት የሚል አስተያየት ነበር። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። እውነትም አላቀነባበረችም፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ መሬቱ ለሌላ ሰው ስላለፈ ማን ምን እንደቆረጠ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ሚስተር ፍሌቸር አንድ ዛፍ ለመንደሩ በሙሉ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ። ከትበርት ከምሰሶው ላይ፣ ጎበዝ ከሆነ ይበቃል አለው፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ሚስተር ፍሌቸርም ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። የስምምነቱ ነገርስ ብሎ ኦዲልን ጠየቃት።

«እኔ ቃሌን አልለወጥኩም» አለች። «ያፈራል ወይ ካሉኝ አያፈራም። ከእነሱ ጋር ይነጋገሩ።»

ከእነሱ ጋር መነጋገሩ ብዙ አልወሰደም። ኦዲል ገና ባልተቀባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ስለ ባንዲራው ያነሳ የለም፤ ዛፉን ስለተከሉት ልጆችም ያነሳ የለም። የሚያወሩት ስለ ምርታቸው ነበር፤ የማን ዛፍ ወደ ግቢው ይቀርባል፣ ነፋሱ በዚህ ወቅት ከየት ይነፍሳል፣ ከርሞ ከተሳካ ልባሱን ሳይቀድድ የሚያወጣ እጅ ያለው ማን ቀርቷል። አንዷ ከዚያ ጥግ ሆና የምትለው ከዚህ ጥግ መልስ ያገኛል፤ የማን አያት የማንን ወሰን እንደገፋም ተነሳ። ኦዲል ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ሴቶች በገውዝ ሥር ጎንበስ ብለው እንዲህ ሲወራወሩ ከሰማች ስንት ዘመን ሆኗታል። ጃባሪ መጥቶ፣ ቲቸር፣ የተቀመጥሽበት ድንጋይ ቀይ መሆን አለበት፣ ተነሺልን እስኪላት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ሰኞ መጋዝ ያለው ሰው መጣና የመጣበትን ዋጋ ተቀብሎ ዛፉን ሳይነካ ተመለሰ። የነጻነት ቀን ትርኢት በክሪኬት ሜዳው ላይ ተደረገ፤ ጥላ ስለሌለ ሦስተኛ ክፍሎች በፀሐይ ቆመው ዘመሩ።